የምስክሮች መድረክ
የአውስትራሊያ ቀደምት ሕዝቦች ቴአትርና የመብት ትግላቸው

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 1938 ሲድኒ በዓል ላይ ነበረች። የእንግሊዝ መርከቦች የመጀመሪያዎቹን ሰፋሪዎች አሳፍረው ከወደቧ የደረሱበት 150ኛ ዓመት ነው፤ ፋርም ኮቭ በተባለው የባሕር ዳርቻም ያ መድረስ በትርኢት ሊታይ ተሰናድቷል። የመርከቦቹን አዛዥ ካፒቴን አርተር ፊሊፕን ሆኖ የሚጫወተው ሰው ከነመኮንኖቹ በጀልባ መጥቶ ከየብስ ይወርዳል። ትርኢቱ ግን ከዳር ሆነው የሚጠብቁት ጥቁር ሰዎች ያስፈልጉት ነበር፤ የከተማዋ አቦርጂናሎች ደግሞ በዚህ አንገባም ብለዋል። አዘጋጆቹ ስለዚህ ከምዕራቡ የኒው ሳውዝ ዌልስ ገጠር፣ ከሜኒንዲና ከብሬዋሪና፣ ወንዶችን አስመጡ። ከሲድኒ የመብት ታጋዮች ጋር እንዳይነጋገሩም በሬድፈርን የፖሊስ ግቢ አቆዩዋቸው። በዕለቱ ሰፋሪዎቹ ከጀልባ ሲወርዱ እነዚህ ሰዎች በተሰጣቸው ሚና መሠረት ዳርቻውን ለቀው እየሮጡ ሸሹ። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከግማሽ የማያንሱት እስረኞች እንደነበሩ ማንም የሚያውቀው ቢሆንም፣ እስረኞቹ ከበዓሉ ሰልፍ ተዘልለው ቀሩ።

በዚያው ዕለት፣ ሰልፉ ካለፈ በኋላ፣ ኤሊዛቤት ጎዳና ላይ በሚገኘው አውስትራሊያን ሆል መቶ ያህል አቦርጂናሎች ተሰበሰቡ። ጥቁር ልብስ ለብሰዋል፤ ዕለቱንም «የሐዘን ቀን» ብለው ሰይመውታል። ስብሰባውን ከመሩት መካከል ዊሊያም ፈርጉሰንና ጃክ ፓተን ይገኙበታል፤ ከሜልቦርንም አዛውንቱ ዊሊያም ኩፐር መጥተው ነበር። ጉባኤው የአቦርጂናሎች ብቻ ነው። እየተነሡ ስለ ኑሯቸውና ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ መሬትና ስለ ዜግነት ተናገሩ፤ ከአምስት ቀን በኋላም አሥር ነጥቦች ያሉት ጥያቄ ለጠቅላይ ሚኒስትር ጆሴፍ ላየንስ አቀረቡ። አንድ ከተማ በአንድ ቀን ሁለት ትርኢት አየች ማለት ይቻላል። በባሕሩ ዳርቻ ሕዝቡ ሌላ ሰው በደረሰለት ታሪክ ውስጥ ይሸሻል፤ በአዳራሹ ውስጥ ራሱ በጠራው ጉባኤ፣ ራሱ በመረጠው ልብስ፣ በራሱ አንደበት ቃሉን ይሰጣል።

ከዚያ ወዲህ ያለው የአቦርጂናል የማኅበረሰብ ቴአትር ታሪክ ከመጀመሪያው ትርኢት ወደ ሁለተኛው የተደረገ ረጅም ጉዞ ነው። ስለዚህ ቴአትር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ኪነ ጥበቡ ትግሉን እንዴት እንዳገዘ ነው። አጠያየቁ ኪነ ጥበቡን ከትግሉ ውጭ አቁሞ ይጀምራል፤ በዚህም ዋናውን ነገር ይስታል። ማስረጃው ሲመረመር የሚያሳየው ሌላ ነው። ቴአትሩ ፖለቲካ የሆነው የአገሪቱ ፍርድ ቤትና ፓርላማ ነፍገውት የኖሩትን የምስክርነት ቦታ ለሕዝቡ ስለሰጠው ነው፤ ይህን ማድረግ የቻለውም ቤቱ፣ ጽሑፉና ውሳኔው በማኅበረሰቡ እጅ በቆዩበት መጠን ነው።

ቃሉ ያልተቆጠረለት ሕዝብ

ምስክርነት የሚለው ቃል እዚህ ላይ ለማማር የገባ አይደለም። በቅኝ ግዛቱ ዘመን በኒው ሳውዝ ዌልስ የአቦርጂናል ሰው በፍርድ ቤት ቆሞ ቃሉን ለመስጠት ሕጉ አይፈቅድለትም ነበር፤ ምክንያቱ በክርስቲያናዊ መሐላ ሊምል አይችልም የሚል ነው። ይህ በሕግ የተሻሻለው በ1876 ነው። እስከዚያ ድረስ በዓይኑ ፊት ወገኑ የተገደለበት ሰው፣ ገዳዩ ቢያዝ እንኳ፣ ያየውን በችሎት መናገር አይችልም። ሕጉ ከተለወጠ በኋላም በየክፍለ አገሩ የተቋቋሙት የአቦርጂናሎች «ጥበቃ» ቦርዶች የሰዉን ኑሮ በሙሉ ያዙት፦ የት እንደሚኖር፣ ከየትኛው ሰፈር መውጣት እንደሚችል፣ ደመወዙ በማን እጅ እንደሚቀመጥ፣ ልጁ ከእናቱ ጋር ይደግ ወይስ ይወሰድ። ስለ እያንዳንዱ ቤተሰብ መዝገብ ተከፍቷል፤ መዝገቡን የሚጽፈው፣ የሚያነበውና የሚፈርመው ግን ባለሥልጣኑ ነው። በጽሑፍ ሞልቶ የተረፈ ታሪክ ያለው፣ ነገር ግን በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የራሱ ድምፅ የሌለው ሕዝብ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ባለ አገር አንድ አቦርጂናል ሰው በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ቆሞ «የሆነው እንዲህ ነው» ማለቱ፣ ከንግግሩ ይዘት በፊት፣ መቆሙና መናገሩ ራሱ የሥልጣን ጥያቄ ነው።

ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዱ የሜልቦርኑ ቢል ኦነስ ናቸው። በሜይ 1 ቀን 1946 በምዕራብ አውስትራሊያ ፒልባራ አካባቢ በከብት እርባታ ጣቢያዎች የሚሠሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ አቦርጂናሎች ሥራ አቆሙ፤ ብዙዎቹ የሚሠሩት ለዱቄት፣ ለሻይና ለልብስ ያህል ነበር። አድማው እስከ 1949 ዘለቀ። በዚያ ሰሞን የአውስትራሊያ አቦርጂናሎች ሊግ የተባለው ማኅበር፣ ቢል ኦነስ ግንባር ቀደም ሆነው፣ ለግራ ክንፉ ከቀረበው ከኒው ቴአትር ጋር በሜልቦርን «ነጭ ፍትሕ» የተባለ ትርኢት አቀረበ፤ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ በምድረ በዳ ጫፍ የተነሣው አድማ በትልቁ ከተማ መድረክ ላይ ታየ። በ1951 አገሪቱ የፌዴሬሽኗን 50ኛ ዓመት ስታከብር፣ በበዓሉ ዕቅድ አቦርጂናሎች አልነበሩበትም። ሊጉ ተቃወመ፤ ቀጥሎም በሜልቦርኑ ፕሪንሰስ ቴአትር በአቦርጂናል አቅራቢዎች የተሞላ የራሱን ትርኢት አሳየ። ኦነስና የትግል ጓዳቸው ዳግ ኒኮልስ የመብት ማኅበሩ መሪዎች እንደነበሩ ሁሉ የመድረኩም አደራጆች እነርሱው ነበሩ። የአገሪቱ የስለላ መሥሪያ ቤት ኦነስን ለዓመታት መከታተሉ መንግሥት መድረኩን እንደ ተራ መዝናኛ እንዳላየው ያሳያል።

ሬድፈርን፦ ሕግ ቢሮ፣ ክሊኒክ፣ ቴአትር ቤት

የመብት ትግሉና የመድረኩ ዝምድና በግልጽ የሚታየው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሲድኒዋ ሬድፈርን ነው። ሕዝቡ ተከልሎ ከሚኖርባቸው «ሚሽኖች»ና ከየገጠሩ ሰፈር ሥራ ፍለጋ የመጡ አቦርጂናሎች በዚህ የፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ተከማችተው ነበር፤ ፖሊስ ደግሞ በየምሽቱ ከመጠጥ ቤት ሲወጡ እየጠበቀ ያፍሳቸዋል። ወጣቶቹ ለዚህ የሰጡት መልስ ተቋም መሥራት ነው። በ1970 የአቦርጂናል የሕግ አገልግሎትን፣ በ1971 የአቦርጂናል የሕክምና አገልግሎትን አቋቋሙ፤ ለሕፃናት ቁርስ ማብላት ጀመሩ። ቀጥሎ የመጣው ብሔራዊው ጥቁር ቴአትር ነው። ከሕግ አገልግሎቱ መሥራቾች አንዱ የነበሩት ፖል ኮ የቴአትሩም ጠንሳሽ ናቸው፤ ጌሪ ፎሊም በሰልፍ ላይ ከፖሊስ ጋር የሚጋፈጡ ታጋይና በመድረክ ላይ የሚጫወቱ ተዋናይ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ቴአትሩን ያዩት ከክሊኒኩና ከሕግ ቢሮው እኩል፣ ማኅበረሰቡ ራሱን ለማስተዳደር ከሚያስፈልጉት አገልግሎቶች እንደ አንዱ አድርገው ነው።

ሐሳቡ ከሁለት አቅጣጫ ነዳጅ አግኝቷል። በ1970 ከአውስትራሊያ አምስት አቦርጂናሎች በአሜሪካ አትላንታ ወደተካሄደው የአፍሪካውያን ሕዝቦች ኮንግረስ ሄደው ነበር፤ ከመካከላቸው ተዋናዩ ቦብ ማዛ ኒው ዮርክ ቆይተው የሃርለሙን ብሔራዊ ጥቁር ቴአትር ሥራ ተመለከቱ። በ1971 ከጃክ ቻርልስ ጋር ሆነው በሜልቦርን ኒንደታና የተባለውን የመጀመሪያውን አቦርጂናል-መር የቴአትር ቡድን መሠረቱ። ሁለተኛው አቅጣጫ ጥቁር አሜሪካዊቷ ዳንሰኛ ካሮል ጆንሰን ናቸው፤ በ1972 ከዳንስ ቡድናቸው ጋር ለጉብኝት መጥተው በሲድኒ ማስተማር ጀመሩ። እርሳቸው የዘሩት ትምህርት በኋላ የአቦርጂናልና የደሴተኞች የዳንስ ኮሌጅ፣ ከዚያም በ1989 ባንጋራ የዳንስ ቴአትር ሆኖ አድጓል። ከውጭ የመጣው ሐሳብ በሬድፈርን አፈር ሊበቅል የቻለው ግን አፈሩ ተዘጋጅቶ ስለጠበቀው ነው።

በጃንዋሪ 1972 ጠቅላይ ሚኒስትር ዊሊያም ማክማሆን መንግሥታቸው የአቦርጂናሎችን የመሬት ባለቤትነት እንደማይቀበል፣ በምትኩ የ50 ዓመት ኪራይ እንደሚፈቅድ አስታወቁ። በማግሥቱ፣ ጃንዋሪ 26፣ አራት ወጣቶች ከሲድኒ ካንቤራ ሄደው በፓርላማው ፊት ለፊት ባለው ሣር ላይ የባሕር ዳርቻ ጃንጥላ ተከሉና «የአቦርጂናል ኤምባሲ» ብለው ሰየሙት። በገዛ አገራችን እንደ ባዕድ ከተቆጠርን፣ እንደ ሌሎች ባዕዳን ኤምባሲ ይገባናል ማለታቸው ነው። ድርጊቱ በሁለንተናው ቴአትር ነው፤ ቦታው የተመረጠ፣ ዕቃው ጥቂት፣ ትርጉሙ ማንም በአንድ እይታ የሚረዳው። ፖሊስ በጁላይ ድንኳኖቹን አፈረሰ፤ ታጋዮቹ እንደገና ተከሉ፤ ፍጥጫው በቴሌቪዥን ታየ። በዚያ ዓመት የጥቁር ቴአትሩ ልጆች ስለ መሬት መብት የጎዳና ላይ ቴአትር እያሳዩ ሕዝቡን ለሰልፍ ይቀሰቅሱ ነበር፤ የካሮል ጆንሰን ተማሪዎችም ስለ ኤምባሲው ዳንስ ሠሩ። በ1972 የተቀረጸው «ኒንግላ አ-ና» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ሰልፈኞቹንና ተዋንያኑን አብሮ ያሳያል፤ አንዱን ከሌላው መለየት የሚያስቸግረው ፊቶቹ አንድ ስለሆኑ ነው።

በዚሁ ዓመት በሲድኒ ኒምሮድ ቴአትር የቀረበው «ቤዚካሊ ብላክ» በአጫጭር ጭውውቶች የነጮቹን ቸርነት፣ የፖሊሱን ጉልበትና የፖለቲከኛውን ቋንቋ እያሳየ ሣቀ፤ ኋላም ለቴሌቪዥን ተቀረጸ። ሳቁ ራሱ አዲስ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት በመድረክ ላይ አቦርጂናሉ ይሳቅበታል ወይም ይታዘንለታል፤ አሁን እርሱ ተመልካች ሆኖ ነጩ አገር ይታያል። በ1974 ጥቁር ቴአትሩ በኮፕ ጎዳና የራሱን ማዕከል ከፈተ። በጃንዋሪ 1975 በዚያ መድረክ የታየው የሮበርት ሜሪት «ዘ ኬክ ማን»፣ በሚሽን የሚኖር አንድ ቤተሰብን ይተርካል፤ አባትየው ሥራ ፍለጋ ሲድኒ ገብቶ ባላደረገው ወንጀል ይያዛል። ሜሪት ተውኔቱን የጻፉት እስር ቤት ሆነው ነው። ከእርሳቸው በፊትም ኬቨን ጊልበርት በ1968 «ዘ ቼሪ ፒከርስ»ን የጻፉት በእስር ላይ ሳሉ ነበር፤ በ1971 የታየው ይህ ሥራ በአቦርጂናል ሰው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ለመድረክ የበቃ የመጀመሪያው ተውኔት ነው። የአንድ ሕዝብ የመጀመሪያዎቹ ፀሐፌ ተውኔቶች ከእስር ቤት መውጣታቸው እንደ አጋጣሚ ሊታለፍ አይችልም። ፍርድ ቤት እንደ ተከሳሽ ብቻ የሚያውቃቸው ሰዎች በመድረክ በኩል ምስክር ሆነው ተመለሱ።

ከዚያ በ1977 ጥቁር ቴአትሩ ተዘጋ። ታዳሚ አልጎደለውም፣ ጸሐፊ አልጠፋውም፤ የጎደለው ገንዘብ ነው። የማኅበረሰብ ቴአትር የሚኖረው በተውኔት ዝርዝር ሳይሆን በቤት ነው፤ ልምምድ የሚደረግበት፣ ሕፃናት ዳንስ የሚማሩበት፣ ስብሰባ የሚጠራበት ቤት። ያ ቤት ሲዘጋ ተዋንያኑ ወደ ሌሎች መድረኮችና ወደ ፊልም ተበተኑ፤ በሌላው ቤት ደግሞ ተቀጣሪ ሆኑ። የዚህን ኪሳራ ልክ የሚያሳየው መሥራቾቹ ከ30 ዓመት በኋላ ሥራው እንዲቀጥል መጠየቃቸው ነው፤ በ2007 በሬድፈርን የተቋቋመው ሙጋህሊን የተባለው ቡድን የዚያ ጥያቄ ፍሬ ነው።

መዝገቡን ከባለ መዝገቡ ላይ ማንሳት

በምዕራብ አውስትራሊያ ደግሞ የኑንጋር ሕዝብ ባለቅኔ የሆኑት ጃክ ዴቪስ ሌላ መንገድ ቀየሱ። በ1985 የታየው «ኖ ሹገር» የሚተርከው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከኖርተም ከተማ ወደ ሙር ሪቨር የአቦርጂናል ሰፈር ስለተጋዙ ሰዎች ነው። በ1933 ዘጠና ያህል ሰዎች በእከክ በሽታ ሰበብ ከቤታቸው ተነሡ፤ የኖርተም ሕዝብ ተወካይ በወቅቱ የክፍለ አገሩ መሪ ነበሩ፣ ምርጫም ደርሶ ነበር። ዴቪስ ራሳቸው በልጅነታቸው ሙር ሪቨር ቆይተዋል። በመድረኩ ላይ ግን ትዝታቸውን ብቻ አላመጡም፤ የ«ዋና ጠባቂው» የኤ. ኦ. ኔቪል ቢሮ በመድረኩ ላይ አለ፣ ደብዳቤው ይነበባል፣ ትእዛዙ ይሰማል። በመጀመሪያው ዝግጅት ተመልካቹ በአንድ ወንበር አልተቀመጠም፤ ታሪኩን ተከትሎ ከቦታ ቦታ ይሄዳል፣ ከቢሮው ወደ ሰፈሩ፣ ከሰፈሩ ወደ መጋዙ። በ1934 የአውስትራሊያ ቀን በሚከበርበት ትዕይንት ኔቪል ስለ እድገት ሲሰብኩ፣ ሕዝቡ የሚሽን መዝሙሩን ቃሉን ለውጦ ይዘምራል፤ ስለ ሰማይ ቤት የተደረሰው መዝሙር ስለ ጎደለው ራሽን ይሆናል። የተውኔቱ ርእስ ከዚያ የመጣ ነው፤ ስኳር የለም ማለት ነው። ዴቪስ የመንግሥትን መዝገብ እንደ ማስረጃ አቅርበው፣ ለዳኝነቱ ተመልካቹን ጠሩት።

በ1988 አገሪቱ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር የታየው «ባሩንጊን» ይህን እስከ ጫፉ አደረሰው። ከዓመት በፊት መንግሥት በእስር ላይ ሳሉ ስለሞቱ አቦርጂናሎች የሚያጣራ ንጉሣዊ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። ተውኔቱ የሚያበቃው የእነዚህ ሟቾች ስም ዝርዝር በመድረክ ላይ ሲነበብ ነው። በዚያች ሰዓት ልብ ወለዱ ያከትማል፤ የሚነበቡት በእውነት የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ያዳመጠውም ከእንግዲህ አልሰማሁም ማለት አይችልም። ኮሚሽኑ በ1991 ባወጣው ዘገባ የ99 ሰዎችን ሞት መርምሮ 339 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ፤ ከ99ኙ 43ቱ በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው የተነጠሉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው የጄን ሃሪሰን «ስቶለን» ይህን የልጆች መነጠቅ ይተርካል። ሥራውን ያስጀመረው በ1990 በሜልቦርን የተመሠረተው ኢልቢጀሪ የተባለው የማኅበረሰብ ቴአትር ነው፤ ምርምሩ የተጀመረው በ1992 ሲሆን፣ «ወደ ቤት እናምጣቸው» የተባለው ብሔራዊ የምርመራ ዘገባ የወጣው በ1997 ነው። ማኅበረሰቡ ኮሚሽን እስኪቋቋምለት አልጠበቀም። ተውኔቱ በ1998 ሲታይ፣ በመጨረሻው ትዕይንት ተዋንያኑ ገጸ ባሕርያቸውን ትተው ስለ ራሳቸውና ስለ ቤተሰባቸው ለተመልካቹ ይናገራሉ።

የሚነሡት ተቃውሞዎች

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ለትግል የተሰለፈ ኪነ ጥበብ ወደ ፕሮፓጋንዳ ይወርዳል የሚል ነው። ስጋቱ ከባዶ አልመጣም፤ መፈክር የሚያሰማ ገጸ ባሕርይ በየትም አገር መድረክ አሰልቺ ነው። ፕሮፓጋንዳ ግን ከምስክርነት የሚለይበት ግልጽ ምልክት አለ፤ ፕሮፓጋንዳ የራሱን ወገን ጉድፍ ይሸፍናል። እነዚህ ተውኔቶች አይሸፍኑም። በ«ዘ ኬክ ማን» እና በዴቪስ ሥራዎች ውስጥ መጠጥ አለ፣ በቤት ውስጥ ጠብ አለ፣ ለነጩ ተቀጥሮ ወገኑን የሚያሳድድ ጥቁር ፖሊስ አለ። ይህን በነጭ ተመልካች ፊት ማሳየት አደጋ እንዳለው ጸሐፊዎቹ ያውቁ ነበር፤ ያሳዩት ምስክር እውነቱን ከፍሎ ከተናገረ ቃሉ በሙሉ ዋጋ እንደሚያጣ ስለሚያውቁም ነው። በ2006 ኢልቢጀሪ ያቀረበው «ቾፕድ ሊቨር» ስለ ሄፓታይተስ ሲ የሚናገር ተውኔት ነበር፤ በየማኅበረሰቡና በየእስር ቤቱ እየዞረ ለተመልካቹ ስለ ራሱ ሕመም፣ ስለ መርፌና ስለ እፍረት ተናገረ። ለራስ ወገን የሚመች ነገር ብቻ የሚናገር ቴአትር እንዲህ ያለ ርእስ አይነካም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። መንግሥትን የሚከስስ ቴአትር በመንግሥት ድጎማ ይኖራል፤ ትኬቱን የሚገዛውም በአብዛኛው የተማረ፣ የተመቸው ነጭ ነው፤ አልቅሶ፣ አጨብጭቦ፣ ነጻ የወጣ መስሎት ቤቱ ይገባል ይላሉ ተቺዎች። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ የ1977ቱ መዘጋትም ድጎማ የሚሰጥ እጅ መንሣትም እንደሚችል ያሳየ ነው። መልሱ ከድጎማ መሸሽ ላይ አይገኝም፤ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ ከሆነ፣ መሬቱ የተወሰደበት ሕዝብ ከዚያው ገንዘብ ለመድረኩ ቢቀበል ምጽዋት አይባልም። ጥያቄው ገንዘቡ ከመጣ በኋላ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። ለዚህ የናማጂራ ቤተሰብ ታሪክ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ዝነኛው ሠዓሊ አልበርት ናማጂራ በ1959 ካረፉ በኋላ፣ የሥዕሎቻቸው የቅጂ መብት በ1983 ውርስ በሚያስተዳድር የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ8,500 ዶላር ተሸጠ፤ ቤተሰቡ ከአያታቸው ሥዕል ኅትመት የሚያገኘው ቀረ። በ2010 ቢግ ሃርት የተባለው የኪነ ጥበብ ድርጅት የሠዓሊውን ሕይወት በመድረክ ሲያሳይ፣ የልጅ ልጆቻቸው እዚያው መድረኩ ላይ ይስሉ ነበር። ድርጅቱ ትርኢቱን አሳይቶ አልተበተነም፤ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ የናማጂራ ውርስ አደራ ድርጅት እንዲቋቋም አገዘ፣ ለዓመታትም ተሟገተ። በኦክቶበር 2017 መብቱ በአንድ ዶላር ለቤተሰቡ ተመለሰ። ቢግ ሃርት አቦርጂናል-መር ድርጅት አይደለም፤ ይህም ክርክሩን ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም። ሥራው ውጤት ያመጣው ባለ ጉዳዮቹ ተመልካች ፊት በቆሙበትና የመጨረሻው ፍሬ በእነርሱ ስም በተጻፈበት መንገድ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ ቴአትር የአውሮፓ ቅርጽ ነው፣ አቦርጂናሎች በባዕድ ዕቃ ይገለገላሉ የሚል ነው። የእነዚህ ሕዝቦች ዘፈን፣ ውዝዋዜና ሥርዓት ግን ሰፋሪዎቹ ከመምጣታቸው እጅግ በፊት ሕግን፣ መሬትንና ዝምድናን በትርኢት የሚያስተላልፍ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ፈረሰኛውን፣ ጠመንጃውንና ከብት ነጂውን ወዲያው ወደ ውዝዋዜያቸው እንዳስገቡ ታዛቢዎች ጽፈዋል። አዲስ የደረሰባቸውን ነገር በአካል ተጫውቶ ማስረዳት የቆየ ልማዳቸው ነው። ከአውሮፓ የመጣው የትኬቱ ወንበርና የመጋረጃው ሥርዓት ነው፤ ዴቪስ ተመልካቹን ከወንበሩ አስነሥተው ሲያስኬዱት እርሱም ተለወጠ።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከቅርብ ጊዜ የመጣ ነው። በኦክቶበር 14 ቀን 2023 አውስትራሊያውያን ለቀደምት ሕዝቦች በፓርላማ አማካሪ ድምፅ ይሰጥ ወይ ተብለው ተጠይቀው፣ 60 በመቶ ያህሉ አይሆንም አሉ። ስድስቱም ክፍላተ አገር ተቃወሙ። የግማሽ ክፍለ ዘመን ተውኔት ይህን ያህል ሰው ማሳመን ካልቻለ ምን ረባ? ይህን በቀላሉ ማለፍ አይገባም። የቴአትር አዳራሽ ጥቂት መቶ ሰው ይይዛል፤ በምርጫ ቀን የሚሰለፈው ሚሊዮን ነው። መድረክ ብቻውን የአብዛኛውን ሕዝብ ልብ ይለውጣል ብሎ ቃል የገባ ካለ፣ ያልያዘውን ሰጥቷል። ነገር ግን ምስክር የሚቆመው ዳኛው እንደሚፈርድለት እርግጠኛ ሆኖ አይደለም። ቃሉ የሚመዘነው በሦስት ነገር ነው፦ መነገሩ፣ መመዝገቡ፣ ተናጋሪው በመናገሩ መለወጡ። «ስቶለን» በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የሚያጠኑት ተውኔት ሆኗል፤ ወላጆቻቸው በትምህርት ቤት ያልሰሙትን ልጆቹ ለፈተና ያነቡታል። ከሬድፈርን መድረክ የወጡ ሰዎች የዳንስ ኮሌጅ፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ማዕከል፣ ሬዲዮ ጣቢያ ገንብተዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የድምፅ ቆጠራ የሚፈርስ አይደለም።

ከመድረክ ወደ ኮሚሽን

ምስክርነቱ ወደ ተነሣበት ቦታ መመለሱን የሚያሳዩ ሁለት ሥራዎች አሉ። ከሜልቦርን ወጣ ብሎ በ1863 የተመሠረተው ኮራንደርክ የኩሊን ሕዝቦች ያለሙት ሰፈር ነበር፤ ቦርዱ ሊያፈናቅላቸው ሲነሣ፣ ዊሊያም ባራክን የመሰሉ መሪዎቻቸው እስከ ሜልቦርን በእግር እየሄዱ አቤት አሉ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ በ1881ም በመንግሥት አጣሪ ቡድን ፊት ቃላቸውን ሰጡ። ከ130 ዓመት ገደማ በኋላ ኢልቢጀሪ ያንን ቃለ ጉባኤ ቃል በቃል ወደ መድረክ አመጣው፤ ተዋንያኑ የተናገሩት በ1881 የተመዘገበውን ነው። ቃሉ ተሰጥቶ፣ ተጽፎ፣ መዝገብ ቤት ገብቶ የተረሳ ነበር። በ2010 ደግሞ «ጃክ ቻርልስ ቨርሰስ ዘ ክራውን» ታየ። በ1971 ኒንደታናን የመሠረቱት፣ ሕፃን ሳሉ ከእናታቸው የተነጠቁት፣ በሕይወታቸው ብዙ ጊዜ የታሰሩት ጃክ ቻርልስ፣ በመድረክ ላይ ሸክላ እየሠሩ ስለ ራሳቸው ተናገሩ፤ የወንጀል መዝገባቸውንም ይዘው በችሎት ፊት እንደቆመ ሰው ከዘውዱ፣ ማለትም ከከሳሹ መንግሥት፣ ጋር ተከራከሩ።

በ2021 የቪክቶሪያ ክፍለ አገር ዮሩክ የተባለውን የፍትሕ ኮሚሽን አቋቋመ። በቅኝ ግዛት የደረሰውን በደል ከቀደምት ሕዝቦች አንደበት የሚሰማ፣ የንጉሣዊ ኮሚሽን ሥልጣን ያለው፣ በአውስትራሊያ የመጀመሪያው መደበኛ የእውነት አፈላላጊ አካል ነበር። በኤፕሪል 2022 ኮሚሽኑ የሽማግሌዎችን ቃል መስማት ሲጀምር በመጀመሪያ የቀረቡት ማኅበረሰቡ «አጎት» እያለ የሚያከብራቸው ጃክ ቻርልስ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር አረፉ። ከእርሳቸው የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግር ነበር፤ ለ50 ዓመት በሕዝብ ፊት ቆሞ እውነት መናገርን ሲለማመዱ ኖረዋል።

እንግዲህ ስለ አቦርጂናል የማኅበረሰብ ቴአትር የሚጠይቅ ሰው፣ ስንት ሰው እንዳየው ወይም ስንት ሰው እንዳሳመነ ከመቁጠሩ በፊት ሌላ ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባል፦ ቤቱ የማን ነው? ማን ጻፈው? ከተጨበጨበ በኋላ የቀረው በማን እጅ ነው? በፋርም ኮቭ የሮጡት ሰዎች ለሦስቱም መልስ አልነበራቸውም። ሬድፈርን መልስ ነበራት፤ ለዚህም ነው አምስት ዓመት ብቻ የኖረ ቴአትር ቤት ከእርሱ የበለጠ ገንዘብና ዕድሜ ካላቸው ቤቶች ይልቅ ብዙ ሰውና ብዙ ተቋም ያፈራው። ስለዚህ የቀደምት ሕዝቦችን ኪነ ጥበብ እንደግፋለን የሚል መንግሥት፣ ፌስቲቫል ወይም ድርጅት ድጋፉ የሚለካው በአንድ ወቅት በሚያሳየው ትርኢት ሳይሆን ቁልፉን፣ በጀቱንና የመወሰን ሥልጣኑን ለማን እንዳስረከበ ነው። ከዚህ ያነሰ ድጋፍ ሰዎችን ለበዓል አስመጥቶ መመለስ ነው፤ አውስትራሊያ ደግሞ ይህን ሞክራዋለች።